የሱሚኤ ፊሌቶ

አቶ ኩጂ ታኬሂኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሃኮዳቴ ከተማ ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ሲናገሩም ፌርማታ የሚጠሩ ይመስላሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ሱሚኤ በሕይወት ሳሉ «እንግዲህ ቤት ውስጥም ትኬት ቁረጥልን!» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

እኚህ ዝምተኛ ሰው አፋቸው የሚፈታው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከትራም ጋራዡ ጀርባ ባለችው ጠባብ የአሳማ ሥጋ ጥብስ፣ የቶንካትሱ ቤት። እሁድ እሁድ የበሩን መጋረጃ ገለጥ አድርገው ከሱሚኤ ጋር ይገቡና፣ ገና ወንበር ሳይስቡ «ለእኔ ሽንጥ ከነጮማው፣ ለእሷ ፊሌቶ!» ይላሉ፣ አፋቸውን ሞልተው። ሱሚኤ አንድም እሁድ ለራሳቸው አዝዘው አያውቁም። ባል ካዘዘ አዘዘ ነው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ገና ሲተጫጩ ነው። ያገናኘቻቸው ሴትዮ እዚያው ቤት ወስዳቸው «ምን ትበያለሽ?» ብትላት፣ ልጅት አንገቷን ደፍታ «ፊሌቶ» አለች። ፊሌቶ ጮማ የለው፣ ቁራጩም ትንሽ፤ ለምትታጭ ልጅ ያምራል። ኩጂ ይህችን ያዙ። የሚስታቸውን የልደት ቀን ይረሳሉ፣ የጋብቻቸውንም ቀን ይረሳሉ፤ ፊሌቶዋን ግን ረስተው አያውቁም።

አይ እነዚያ እሁዶች! የዳቦ ፍርፋሪ የለበሰው ሥጋ ዘይት ውስጥ ሲገባ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። መስኮቱ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ውጭ በረዶው ይወርዳል። ሱሚኤ በትንሿ ሙቀጫ የሁለቱንም ሰሊጥ ይወቅጡና ስጎ ያፈሱበታል። እንደ ክር የተከተፈው ጥቅል ጎመን ባለቀ ቁጥር ይጨመራል፣ ሩዙም እንዲሁ። ብዙም ሳያወሩ ይበላሉ። ያ ደስታ እንደነበር ኩጂ ያወቁት ሱሚኤ ከሞቱ በኋላ ነው። ብቻቸውን መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ሰሊጡን ሳይወቅጡት ይተዉታል።

አሁን ደግሞ ቤቱ ራሱ ሊዘጋ ሆነ። ደንበኛው ሁሉ «አለቃ» የሚላቸው ሽማግሌው ጠባሽ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ የሚተካም የለም። በመጨረሻው ቀን ኩጂ የሄዱት አንድ ነገር አስበው ነው። እቤት ለሟች በሚጸለይባት ትንሽ መሠዊያ ላይ፣ በሱሚኤ ፎቶ ፊት፣ የዚህን ቤት የመጨረሻ ፊሌቶ ሊያኖሩላት። ዛሬ ካለፈ አለፈ።

«እናት፣ ለሱሚኤ ፊሌቶ ጠቅልዪልኝ» አሉ። «እናት» የሚባሉት የአለቃው ሚስት ወይዘሮ ዮሺኖ ናቸው።

የዮሺኖ እጅ መጠቅለያው ላይ ቀረ። ባላቸውን አየት አደረጉ።

«ተዪ!» አሉ አለቃው፣ ዓይናቸውን ከዘይቱ ሳያነሱ።

«አልተውም! ነገ ቤት የለን፣ ደንበኛ የለን፤ ለማን ላስቀምጠው?» ወደ ኩጂ ዞሩ። «አቶ ኩጂ፣ እንዳይቀየሙኝ። ሱሚኤ ፊሌቶ አይወዱም ነበር።»

«ምን?»

«እርስዎ ሥራ ሲሆኑ ረቡዕ ረቡዕ ብቻቸውን ይመጡ ነበር። ሽንጥ ከነጮማው፣ ያውም ወፍራሙን! ከቢራ ጋር።»

«ቢራ?»

«በትልቁ ብርጭቆ» አሉ አለቃው። ከወጣ ወዲያ ምን ይደበቃል?

ኩጂ ክው አሉ። መጀመሪያ የመጣባቸው ንዴት ነው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ ኩጂ ግን ባሕሩ አጠገብ ኖረው ውሃውን ያልቀመሱ መሰላቸው።

«ታዲያ ምነው አልነገረችኝም? አፍ አልነበራትም?»

«እኔም» አሉ ዮሺኖ፣ «ይንገሯቸው ብያቸው ነበር። ‹ሆዴ ይፍጀው› አሉኝ። ‹ያ ሰውዬ ስለ እኔ አውቃለሁ የሚለው አንድ ነገር ይሄ ነው። ሲያዝልኝ ፊቱን አይተሽዋል? እንዴት አድርጌ ልንጠቀው?›»

ኩጂ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ እንባቸው ቀደመ። በሰው ፊት፣ ባንኮኒው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። የተጎዱት በመሳሳታቸው አይደለም። ሚስታቸው ለእሳቸው ደስታ ስንት እሁድ የማትወደውን እንደበላች ነው አንጀታቸውን የበላው። አለቃው ዘይቱን ትተው ሻይ ቀዱላቸው።

ኩጂ ሻዩን ፉት ብለው «ሁለቱንም ጠቅልዪልኝ» አሉ።

«ሁለቱንም? አይወዱም አልኩዎት እኮ!»

«ሰማሁ። አሁን ደግሞ አንቺ አትዘዢላት!»

እቤት ገብተው የመሠዊያዋን በር ከፈቱ፣ ሻማ ለኮሱ፣ ደወሏን መቱ። ሽንጡንና ፊሌቶውን ጎን ለጎን አስቀመጡና ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ። ፎቶዋ ውስጥ ሱሚኤ ፈገግ ብላለች።

«ሱሚኤ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «የትኛው ይሁንልሽ?»

በትዳር ዘመናቸው ጠይቀዋት አያውቁም። መልስ እንደማይመጣ እያወቁ፣ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠበቁ።