የክብር እንግዳው በመንገድ ላይ ናቸው

ጋሽ ንብረት ጅጅጋ የመጣው ለሁለት ዓመት ብሎ ነበር። ከደሴ ይዞት የመጣው ብርድ ልብስ አልቆ ሌላ ተገዛ፤ እሱም አለቀ። በዚህ መካከል ሃያ ስድስት ዓመት ሞላው። ይህን ሁሉ ዓመት የሠራው አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። እኔም ዐሥራ አንዱን ዓመት አጠገቡ ቆሜ ካርድ ሳወጣና ስመልስ ስለኖርኩ የማወራው ያየሁትን ነው።

እዚህ አገር ካርድ ክፍል ቀላል ቦታ አይደለም። በአንድ ጠዋት ሰባት አሕመድ መሐመድ ሊመጣ ይችላል። የአያት ስም ሲጨመር ሦስቱ ይለያሉ፣ አራቱ እንደተምታቱ ይቀራሉ። ጋሽ ንብረት ግን ዘዴ ነበረው። ሶማሌ መካከል ቅጽል ስም የሌለው ሰው ጥቂት ነው፤ ሰውየውም በቅጽል ስሙ ቢጠራ አይቆጣም። ጋሽ ንብረት ይህን ስም በእያንዳንዱ ካርድ ጥግ በእርሳስ ይጽፈዋል፦ "ረዥሙ"፣ "ግራኙ"፣ "ጥርሰ ወርቁ"፣ "ሲስቅ የሚያስነጥሰው"። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ካርድ ጠፍቶበት አያውቅም። ይህን ራሱ አይናገርም፤ ሌላ ሰው ሲናገርለት ግን አያቋርጥም።

የማኅበሩ ጸሐፊ የሆነው ግን በዚህ ዝናው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ከጅጅጋና ከሰሜኑ ወረዳዎች የተሰባሰቡ፣ እኔም ያለሁባቸው ሃያ አራት ሰዎች፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ የላቦራቶሪና የካርድ ክፍል አለቆች፣ የጤና አመራሮች ማኅበር አቋቋሙ። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው፤ ሁሉም በፈቃዱ የሚሠራ ነው። ሐሳቡ በሥራው የቆየው የሚያውቀውን ለጀማሪው እንዲያካፍል ነበር። ምርጫው ጸሐፊ ጋ ሲደርስ የድምፅ ማጉያው ገመድ አጠረና ጋሽ ንብረት ማራዘሚያ ሊያመጣ ወጣ። ይዞ ሲመለስ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል። ለማራዘሚያው መስሎት "ኧረ ምንም አይደለም" አለ። በዚሁ ቃሉ ሹመቱን መቀበሉ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ።

ከተመረጠ በኋላ ግን የምሩን ያዘው። ደንቡን ያረቀቀው እሱ ነው። በዓመት አራት ጉባኤ ያላካሄደ ማኅበር ይፈርሳል፣ ጉባኤ የሚባለውም ዐሥራ ሦስት አባላት ሲገኙ ነው የሚለውን አንቀጽ ያስገባውም እሱ ነው። "መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የማይወጣ ካርድ ወረቀት ነው" ብሎ ተከራከረ፤ አሸነፈም። በ2014 ሁለት ጉባኤ ብቻ ተደረገና አባላቱ ለማኅበራቸው የአንድ ዓመት ምሕረት ሰጡት። በ2015 አራት ካልሞላ አለቀ ማለት ነው። ጋሽ ንብረት ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ስልሳ ሞልቶት ጡረታ ይወጣል።

"ካርድ አልጠፋብኝም" አለኝ አንድ ቀን መደርደሪያው ሥር ተንበርክኮ። "ማኅበር ጠፍቶብኝ አልወጣም።"

ያስቸገረን የክብር እንግዳ ነው። ስብሰባ ያለ የክብር እንግዳ አይከፈትም፤ ባነር ተሰቅሎ፣ ጠረጴዛ ጨርቅ ለብሶ፣ የላስቲክ አበባ ተቀምጦ፣ አንድ ትልቅ ሰው መጥቶ ካልከፈተው ሰው የተሰበሰበ አይመስለውም። እኛም የምንጠራቸው አንድ የመንግሥት ቢሮ ኃላፊ ነበሩን። ስማቸውን አልጠራም፤ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ብቻ ሰዓት አይወዱም።

የጥቅምቱ ጉባኤ ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጠራ። ከአንድ ኮሌጅ አዳራሽ ለምነን ባነሩን ከጋሽ ንብረት ጋር ሰቀልን። በሦስት ሰዓት ዐሥራ ስምንት አባላት ገቡ። ሊቀመንበሩ አቶ ዐብዲራሺድ ስልክ ደወለ።

"በመንገድ ላይ ነኝ ብለዋል" አለን።

ቢሯቸው ከአዳራሹ ፊት ለፊት ነው። መንገዱ ማለት መሻገሪያው ነው።

አራት ሰዓት ላይም በመንገድ ላይ ነበሩ። አምስትም ላይ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰው ለሶላት ተነሣ፤ ከሶላት ወደ ምሳ። ከምሳ በኋላ ጅጅጋ ላይ ሰው ለስብሰባ መጥራት ዝናብን በደብዳቤ እንደ መጥራት ነው። ኃላፊው በስድስት ሰዓት ከሃያ ከተፍ ሲሉ አዳራሹ ውስጥ የቀረነው ጋሽ ንብረት፣ እኔና የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ ኤዶ ዐምራን ነበርን። ኤዶ ማለት አክስት ነው፤ እሷን ሁሉም እንዲያ ይላታል። ሰውየው አልተረበሹም። "ክቡራንና ክቡራት" ብለው ጀመሩና አርባ ደቂቃ ተናገሩ። "ክቡራት" ሲሉ ወደ ኤዶ ዐምራን ይመለከታሉ፤ እሷም ሻሿን ታስተካክላለች። በመጨረሻ ጉባኤው መከፈቱን አበሠሩ። አጨበጨብን። የሦስት ሰው ጭብጨባ ለጆሮ ያሳፍራል።

"ተከፍቷል እኮ" አለ አቶ ዐብዲራሺድ በማግስቱ። "አንድ ብለህ ቁጠረው።"

"ተከፈተ እንጂ አልተካሄደም" አለው ጋሽ ንብረት።

"ማን ያያል?"

"እኔ አያለሁ።"

በኅዳር እንደገና ጠራን። ኃላፊው አልተመቻቸውም፤ ተወካይ ላኩ። ተወካዩም አልተመቻቸውም፤ የራሳቸውን ተወካይ ላኩ። እሱ ደረሰ። ነገር ግን የተወከለው እንዲገኝ እንጂ እንዲከፍት እንዳልሆነ ተናግሮ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አቶ ዐብዲራሺድ ስልክ፣ ጋሽ ንብረት ሰዓት ይዘው ቁጭ አሉ። አምስት ሰዓት ሆነ።

ያን ጊዜ ኻድራ ተነሣች። ኻድራ ከሰሜኑ ወረዳ ከደምበል የመጣች ወጣት አዋላጅ ናት፤ የዚያውን ጤና ጣቢያ እንድትመራ ከተሾመች ስድስት ወሯ ነው። ጋሽ ንብረትን አዴር ትለዋለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

"አዴር፣ እኔ ከቤት ስወጣ ዶሮ አልጮኸም ነበር" አለች። "የክብር እንግዳው ከየት ነው የሚመጡት?"

"ከዚሁ ማዶ" አላት።

"እኛ ቤት ደግሞ እንግዳ የሚባለው ከሩቅ የመጣው ነው። እንግዲያው እንግዳዋ እኔ ነኝ።"

አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ ንብረት ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ጨርቅ የለበሰውን ወንበር ሳበላትና "የዕለቱ የክብር እንግዳ፣ ይክፈቱልን" አላት።

ኻድራ ለቀልድ የጀመረችው ነገር ዞሮባት ፊቷ ቀላ። አበባውን ወደ ጎን ገፋችና "ቢስሚላህ። ተከፍቷል። ወደ ሥራ" አለች። በሕይወቴ የሰማሁት አጭሩ የመክፈቻ ንግግር ነው። በዚያ ቀን ዐሥራ አምስት አባላት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠሩ። የእሷ ችግር የእናቶች ካርድ መጥፋት ነበር፤ እናት ለሁለተኛው ክትትል ስትመጣ የመጀመሪያው አይገኝም። ጋሽ ንብረት እጁን አወጣ። ሁለት ቅዳሜና እሑድ በራሱ ትራንስፖርት ደምበል ወርዶ መደርደሪያ አስተካከለላት፤ የእርሳሱንም ዘዴ አስተማራት። አንድ ጉባኤ ተቆጠረ።

በዚያው ቀን አዲስ ውሳኔ ጸደቀ፦ ከእንግዲህ መጀመሪያ የደረሰ ሰው የክብር እንግዳ ነው።

ይህ ውሳኔ ምን እንዳመጣ በጥር አየነው። ዮፍታሔ የሚባል የላቦራቶሪ ኃላፊ አለን፤ ትሑት ሰው ነው፤ ሰው ሲናገር ራሱን እየነቀነቀ ነው የሚሰማው። እሱ ጎሕ ሲቀድ ቁርሱን በፌስታል ይዞ መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አቶ ዐብዲራሺድ አንደኛ እሆናለሁ ብሎ በባጃጅ ሲበር ደረሰና አየው።

"ደረጃ አዳራሽ አይደለም" አለው ገና ከባጃጁ ሳይወርድ።

"ባጃጅም አይደለም" አለው ዮፍታሔ እንቁላሉን እየላጠ።

ዮፍታሔ ከፈተ። ያ ሁሉ ዓመት ራሱን እየነቀነቀ ሲሰማ የቆየው ለካ ተራውን ሲጠብቅ ነው። አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ስለ ማይክሮስኮፕ ታሪክ ተናገረ። ጉባኤው ቢካሄድም ሁለተኛ ውሳኔ አስፈለገን፦ ማንኛውም የመክፈቻ ንግግር ከኻድራው መብለጥ የለበትም።

ሦስተኛው ሚያዝያ ላይ ነው። በዚያ ዓመት የእኛም የእነሱም ጾም ገጥሞ፣ ፋሲካና ዒድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ውለው፣ ሰው ሁሉ ፊቱ በርቶ ነበር። ዐሥራ አንድ አባላት በማለዳ የአዳራሹ በር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ቆመው ሳለ ደረስኩ፤ ስንቱን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። ኤዶ ዐምራን ቁልፏን እያንቀጫቀጨች መጣች። መካከላቸውን ሰንጥቃ በሩን ከፈተች፤ ቀድማም ገባች። ከዚያ ቀጥ ብላ ሄዳ ጨርቅ የለበሰው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ኤዶ፣ ምነው?" አላት አቶ ዐብዲራሺድ።

"መጀመሪያ የገባ አላላችሁም? ሁልጊዜም መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኳችሁ በትሕትና ነው።"

ጋሽ ንብረት ደንቡን ገለጠ። ውሳኔው "መጀመሪያ የደረሰ ሰው" ይላል፤ አባል አይልም፤ በር ላይ መቆም መድረስ ነውም አይልም። ከእኔና ከእሱ ጋር ዐሥራ ሦስት ሞላን፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

"ቢስሚላህ" አለች። "ባለፈው ስትወጡ ሃያ ሁለት የውኃ ላስቲክ ከወንበር ሥር ለቅሜአለሁ። ሕዝቡን ቆሻሻ አትጣሉ የምትሉት እናንተ ናችሁ አሉ። ተከፍቷል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚያ አዳራሽ አንድ ላስቲክ አልተለቀመም። ሦስት ጉባኤ ተቆጠረ።

ሐምሌ ላይ ጋሽ ንብረት ጡረታ ወጣ። ብርድ ልብስ ሸለምነው፤ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ወዲያው አዲስ መዘዝ መጣ። ደንቡ አባል የሚሆነው በሥራ ላይ ያለ ነው ይላል፤ ያንንም የጻፈው እሱ ነው። መዝገቡን አውጥቶ የራሱን ስም በቀይ ሰረዘ። ጸሐፊነቱ ግን እስከ ምርጫ ይቆያል።

አራተኛው ጉባኤ የዓመቱ መጨረሻ ላይ፣ በነሐሴ ማለቂያ ተጠራ። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቧል። ግማሹ አባል ክትባት ዘመቻ ላይ ነው። እኔና ጋሽ ንብረት በማለዳ ደርሰን በሩ ላይ ማን ቆሞ ብናገኝ ጥሩ ነው? ኃላፊው። ጃንጥላ ይዘው፣ ብቻቸውን።

"መጀመሪያ የደረሰ ይከፍታል ሲሉ ሰማሁ" አሉ ፈገግ ብለው። ከኤዶ ዐምራንም ጋር ተነጋግረው ኖሮ፣ በሩን ከፍታ እንዲቀድሙ ፈቀደችላቸው።

ሦስት ሰዓት ላይ እኔን ጨምሮ ዐሥራ ሁለት አባላት ነበሩ። አራት ሰዓት ላይም ዐሥራ ሁለት።

"ጋሽ ንብረት፣ ራስህን ቁጠር እንጂ" አለው ዮፍታሔ።

"ተሰርዣለሁ።"

"የሰረዝከው አንተ አይደለህ? መልሰህ ጻፍ።"

"በሰው ካርድ ላይ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። በራሴ ልጀምር?"

"እኔ አንድ ልሁን?" አሉ ኃላፊው።

"እርስዎ እንግዳ ነዎት ጌታዬ" አላቸው በአክብሮት።

የቀረችው ኻድራ ናት። ከደምበል በሌሊቱ ተነሥታለች፤ ጎርፍ መኪናውን እንደያዘው ደውላ ከተናገረች በኋላ ስልኳ ተዘጋ። ጋሽ ንብረት መስኮቱ ጋ ቆመ። የቃለ ጉባኤውን ደብተር ይዞ መንገዱን ያያል። እኔም የማውቃትን አጭር ጸሎት ደጋገምኩ። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሆነ፤ አባላቱ ሶላታቸውን እዚያው በረንዳ ላይ በየተራ ሰገዱ እንጂ ለምሳ የወጣ የለም። ኤዶ ዐምራን ለሁሉም ሻሂ አመጣች። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ፣ እንደገና አዩ።

"አቶ ንብረት፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጠበቀው?"

ጋሽ ንብረት ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ "በመንገድ ላይ ናት" አላቸው።

ዮፍታሔ ሻሂው ትን አለው። ሌላው ሁሉ ጣራ ጣራ አየ። ኃላፊው ግን ከሁሉም በላይ ሳቁ። እኔ ያን ጊዜ ነው የወደድኳቸው።

በሰባት ሰዓት ከአርባ በሩ ተከፈተ። ኻድራ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት፤ አንድ ጫማ በእግሯ፣ አንዱ በእጇ።

"አስቆየኋችሁ፤ ይቅርታ" አለች።

"ዐሥራ ሦስት" አለ አቶ ዐብዲራሺድ። ተመስገን አልኩ በልቤ። ጋሽ ንብረት መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ብዙ ጊዜ ጠረገው።

ኃላፊው ተነሡ። ኪሳቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አይቻለሁ፤ ወፍራም ነበር። አላወጡትም። "ቢስሚላህ። ተከፍቷል። እንሥራ" ብለው ተቀመጡ።

ሥራው አልቆ ምርጫው ጸሐፊ ጋ ሲደርስ የማጉያው ገመድ እንደ ልማዱ አጠረ። ሃያ ስምንት ዓይን ወደ ጋሽ ንብረት ዞረ። እሱ የወንበሩን እግር በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘ።

"ዘንድሮ አልወጣም" አለ።

"እኔ አመጣለሁ፤ ምን አለበት" አለና ዮፍታሔ ወጣ።

ማራዘሚያውን ትከሻው ላይ አንግቶ ሲመለስ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል። ከሁሉም አብልጦ የሚያጨበጭበው ጋሽ ንብረት ነው። ዮፍታሔ ግራ ገብቶት በሩ ላይ ቆመ። ጋሽ ንብረት ደብተሩን ሳበ፣ የአዲሱን ጸሐፊ ስም በቀለም ጻፈና ጥጉ ላይ በእርሳስ ጨመረበት፦ "ማራዘሚያ ያመጣው"።