አይጥ የማይበላው ወረቀት

ይህ ከደረሰብኝ አሥር ዓመት አልፎታል። ጊዜው ኢሕአዴግ በየከተማው ዩኒቨርሲቲ የሚከፍትበት፣ ገበሬው ሳይቀር ልጁን «ኢንጂነር ትሆናለህ» የሚልበት ነበር። ዛሬም ሰው ፎቶ ቤት ገብቶ ወረቀት በፕላስቲክ ላሚኔት ሲያስደርግ ባየሁ ቁጥር ያቺ ቅዳሜ ትመጣብኛለች። ረሳኋት ብል ውሸት ነው።

የተወለድኩት ኩልመስክ አጠገብ ካለች የገጠር ቀበሌ ነው። ወልድያ ካለ ኮሌጅ በኤሌክትሪሲቲ ዲፕሎማዬን ያዝኩና ላሊበላ አንድ ሆቴል ተቀጠርኩ። ሥራዬ ጄኔሬተር ማስነሳትና አምፖል መቀየር ነበር። ቱሪስቶቹ ሴት መሰላል ላይ ስትወጣ ሲያዩ ፎቶ ያነሱኛል። የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፤ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ተዛውሬ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ መማር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጄኔሬተሩ ጎን ተቀምጬ ሒሳብ ሠራሁ። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፤ ደግነቱ እዚያ መጥቶ ወሬ የሚያወራኝ ሰው የለም።

በመጨረሻ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ። የቀረኝ ነገር ቢኖር ኮሌጁ ያሸገውን ትራንስክሪፕት ይዤ በምዝገባው የመጨረሻ ቀን፣ ሰኞ፣ መቅረብ ብቻ ነበር። የፖስታው አፍ ላይ ማኅተም ተመትቶበታል። የሰጠኝ ሰውዬ ከተከፈተ እንደማይሠራ ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል። ስንቅ ላዘጋጅና ልሰናበት ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። ለቤተሰቤ «ትልቅ ወረቀት ነው» ከማለት በቀር ምንም አላስረዳሁም። እነሱ ምን ያውቃሉ ብዬ ነዋ።

አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። ወረቀት እንዳይበላሽ ግን አጥብቀው ይፈራሉ፤ ምክንያትም አላቸው። የታላቅ ወንድሜን የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት ከጎታ ሥር አይጥ በልቶበት፣ ምትክ ፍለጋ ሲመላለስ ሰልችቶት እርሻ ላይ ቀርቷል።

ቅዳሜ ጠዋት እኔና እናቴ ልብስ ልናጥብ ወንዝ ወረድን። አባቴ ገብሳቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው ላሊበላ ገበያ ሄዱ። ለካስ ፖስታዬንም ይዘውት ኖሯል።

ወደ ማታ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ከጋቢያቸው ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ትራንስክሪፕቴ ነው፤ ላሚኔት ተደርጓል። ፖስታውን ፎቶ ቤቱ ቀዶ ጥሎታል።

«ከእንግዲህ አይጥም ውሃም አይነካብሽም ልጄ። መቶ ዓመት አይበላሽም ብሎኛል ሰውዬው» አሉኝ።

የመለስኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እርስዎን ወረቀት ይንኩ ያለዎት ማነው? ወንድሜን ገበሬ ያደረገው አይጡ አይደለም፤ የእርስዎ ድንቁርና ነው።»

ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አባቴ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እርስዎ እያልኩ ነው እንግዲህ የሰደብኳቸው፤ አክባሪ ልጅ አይደለሁ?

በማግስቱ እሑድ ነው፤ ኮሌጁ ዝግ ነው። ያው ሰኞ ላይ ልለምናቸው ብዬ ወደ ዩኒቨርሲቲው ለመሄድ ተነሳሁ። አባቴ ሻንጣዬን ተሸክመው እስከ መኪናው ሸኙኝ። እኔ ግን ሳልስማቸው ገባሁ።

ሬጅስትራር ቤት ያገኘሁት ሰው ክፉ አልነበረም። ወረቀቱን አገላብጦ አየውና በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። «እህቴ፣ ውጤትሽ ጥሩ ነው። ግን ይሄ ለእኛ ወረቀት አይደለም» አለኝ። ኮሌጁ ጋ ደውሉ ብዬ ለመንኩት፤ አለቀስኩም። ከኋላዬ የተሰለፉት አጉረመረሙ። ወልድያ ሄጄ አዲስ አሳሽጌ ስመለስ ምዝገባው ተዘግቷል። በዓመቱ ደግሞ መመሪያው ተቀየረና ከእኔ ዓይነት ዲፕሎማ በዝውውር መቀበል ቀረ። አባቴ የሚያውቁት ስለ አይጥ ነው፤ ወረቀት በመመሪያም እንደሚበላ ማን ነግሯቸው?

አሁንም ላሊበላ ነኝ፤ አሁንም ጄኔሬተር አስነሳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ዕድሌ አልሆነም እላለሁ። ትምህርቱ ያንገበግበኛል፤ አልዋሽም። ግን «ፖስታው እንዳይከፈት» ብሎ ለመናገር ስንት ቃል ይፈጃል? እሱን ቆጥቤ ነው ያንን ሁሉ የተናገርኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ «ምን አጠፋሽና» ይሉኛል። ትራንስክሪፕቴ ዛሬም እንደዚያው ያብረቀርቃል፤ አንድ ጥግ እንኳ አልተነካም።

ባለፈው ለበዓል ቤት ሄጄ ሳለሁ የቀበሌ ሰው ለአባቴ አንድ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ሲዘረጋላቸው ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«ለእሷ ስጣት» አሉት። «እኔ ወረቀት አልነካም።»