መርሳ መናኸሪያ የጨፈርን ለት

ባለፈው ሳምንት ወልዲያ መናኸሪያ ሁለት ጎልማሶች ለአንድ ወንበር ተፈነካከቱ። ለአንድ ወንበር እኮ ነው! አንደኛው የሌላኛውን ጆሮ በቀበቶ ዘለበት ተረተረው፤ ደሙ ሚኒባሱ ደረጃ ላይ ይንጠባጠባል፣ ረዳቱ ደግሞ ውሃ እንደማምጣት "መኪናዬን አቆሸሻችሁት!" ብሎ ሁለቱንም ይሰድባቸዋል። እኔ ከኋላ ቆሜ "ኧረ በአላህ! ኧረ ሰው ሁኑ!" እያልኩ ስጮህ የግራ ትከሻዬ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ብርድ ሲሆን አያመኝም። ሰው መኪና በር ላይ ሲጋፋ ሳይ ነው የሚያመኝ። ሐኪም ቤት ይህን ስናገር ይስቁብኛል፤ ይሳቁ፣ እነሱ ያን ቀን መርሳ አልነበሩም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፋጤ ይሉኛል፣ ያኔም ዛሬም። ምላሴ ከእግሬ የፈጠነ ነበር፤ እግሬም ቢሆን የዋዛ አልነበረም። የመርሳ ወጣቶች የኪነት ክበብ ተወዛዋዥ ነበርኩ። ክበብ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ቆዳው የላላ ከበሮ፣ ከሰርግ የተረፉ ቀሚሶች፣ እና ወሬ የማያልቅብን ጥቂት ልጆች። ከሁላችንም በጭፈራ የሚበልጠው ደስታ የሚባለው ነበር። ጋራዥ ውስጥ የሚውል ልጅ ነው፤ ዘይት የጠጣ ቱታውን አውልቆ ሲነሳ አንገቱና ትከሻው የአንድ ሰው አይመስሉም ነበር። ጉልበቱን መሬት አስነክቶ ብድግ ሲል ሴቱ ሁሉ እልል ይላል። እኔም እል ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ታላቅ እህቴ ጦይባ የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው መኪና በር ላይ ነው። የገበያ ቀን፣ ወልዲያ ለመሄድ አይሱዙ ላይ ልትወጣ እግሯን ስታነሳ ከኋላ የመጣው ግፊያ ከበሩ ብረት ጋር አጣበቃት። ማንም እጁን አላነሳባትም። ሁሉም ቸኩሎ ነው፤ እሷ ከሰባት ወር ሆዷ ጋር በብረቱና በሕዝቡ መሐል ቀረች። በማግስቱ አባቴ አንዲት ትንሽ ጥቅል ታቅፈው ወደ መቃብር ሲሄዱ አየኋቸው።

በዓመቱ እንደገና አረገዘች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ይሄኛውን ወልዲያ ሆስፒታል ነው የምትወልጂው፤ ቀንሽ ሳይደርስ ሂጂና እዚያው ቆዪ፣ እዚህ ከያዘሽ ሁለታችሁም ትሞታላችሁ" ብላ ቁርጡን ነገረቻት። ጦይባ ግን ወይ ፍንክች! "ያን በር ዳግመኛ ከምረግጥ እቤቴ ልሙት" ብላ ቁጭ። ባሏ ለሥራ ሩቅ አገር ነው፤ ኮንትራት መኪና የሚያዝበት አቅም በእኛ ቤት አይታሰብም። ሆዷ ይገፋል፣ ቀኑ ይሮጣል፣ እኛ እንለምናታለን፣ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

አልፈርድባትም። በዚያ ዘመን መርሳ ላይ መሳፈር ጦርነት ነበር። መኪናው ገና ሳይቆም በመስኮቱ ነጠላ፣ ኮፍያ፣ ኮት፣ የሽንኩርት ከረጢት ይወረወራል። ዕቃህ ያረፈበት ወንበር ያንተ ነው፤ በዚህ ሕግ ማንም አይከራከርም። ወንበር ለመያዝ የገዛ ልጁን በመስኮት ያሾለከ አባት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ከዚያ በሩ ላይ ክርን ለክርን ነው። ተራ አስከባሪዎቹ ደግሞ ሰልፍ የሚያሲዙት በዱላ ነበር። አለቃቸውን "ጎማው" ነበር የምንለው፤ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ጅራፍ ከእጁ አይለይም። ሽማግሌ አይል፣ እመጫት አይል፣ ያገኘውን ሾጥ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሆነን የጦይባን ነገር ሳወራ ደስታ "ለምን እዚያው በሩ ላይ አንጨፍርላቸውም?" አለ።

"ምኑን?"

"ግፊያቸውን ነዋ! መድረክ ላይ የማሽላ አጨዳ ምናምን ከምናሳይ የራሳቸውን ክርን እናሳያቸው። ያፍራሉ።"

ከዚያ በኋላ መናኸሪያ መዋል ሥራችን ሆነ። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ወልዲያ! ወልዲያ!" ሲል አንገቱ የሚሄድበትን፣ ኩንታል ወደ ጣሪያ የሚወረውሩት ወዛደሮች ወገባቸው የሚታጠፍበትን፣ ሴቶች ልጅ አዝለው ሰዉን በጎናቸው ሲሰነጥቁ የሚያደርጉትን እያየን ወደ እስክስታ ቀየርነው። ከበሮም አላስፈለገንም። ረዳቶቹ "ሳበው!" ሲሉ የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው ይመቱት የለ? እሱን ምት አደረግነው። ነጠላ በመስኮት መወርወርም ገባበት፤ ልምምድ ላይ መስኮት ስለሌለ በአየር ላይ ነበር የምንወረውረው። ወላሂ፣ ካደረግነው ሁሉ ያማረው እሱ ነበር።

ለአባቴ ስነግራቸው "የሰርግ ጭፈራ መናኸሪያ ምን ሊፈይድ ነው?" አሉኝ።

"አባባ፣ ለጦይባ ነው። ይፍቀዱልኝ።"

ወገቤን አየት አድርገው "መቀነትሽን ጠበቅ አድርጊ" አሉ። ፈቃዳቸው ያ ነበር።

ጦይባንም በስንት መከራ አሳመንኳት። ልብሷን በፌስታል ይዛ ትመጣለች፤ ማንጎ ሻጮቹ ጥላ ሥር ቆማ ታያለች። ሰዉ አፍሮ ሰልፍ ከያዘ ትሳፈራለች፤ ካልያዘ ወደ ቤቷ። "አብሽሪ፣ ዛሬ በሩን እናስከፍትልሻለን" አልኳት። ጉራዬ!

ኅዳር ነበር፣ ማሽላው የሚታጨድበት፣ ጥንቅሽ በየመንገዱ የሚሸጥበት ወቅት። መንገደኛው ሁሉ ጥንቅሽ እያኘከ ልጣጩን ስለሚተፋ የመናኸሪያው መሬት ያሟልጫል፤ የበሰለ ማንጎ፣ የናፍጣና የላብ ሽታ ተደባልቆ አናት ይመታል። ተራ የያዘው አይሱዙ ሊጫን በሩን ሲከፍት ደስታ ጎኑን በመዳፉ መታው፤ ጀመርን።

መጀመሪያ ሰዉ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ ሳቅ። ኩንታሉን ስናሳይ ወዛደሮቹ ከጣሪያ ላይ አጨበጨቡልን። አንዲት የሲሪንቃ እናት "ውይ ይቺ ልጅ፣ እኔን እኮ ነው የያዘችኝ!" ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከበሩ ፊት የነበሩት እኛን ለማየት ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። በዓይኔ ጦይባን ፈለግኋት፤ ከጥላው ወጥታ አንድ ሁለት እርምጃ ቀርባለች። በቃ ተሳካ አልኩ።

ያኔ ደስታ ነጠላውን ወረወረ። አሁን ግን አየር ላይ አይደለም፤ እውነተኛ መስኮት አለ፣ ውስጡም እውነተኛ ወንበር። ነጠላው ገብቶ የአንድ የሐራ ነጋዴ ኮት ላይ አረፈ። እንግዲህ በእኛ አገር በመስኮት የገባ ነጠላ ጭፈራ ነው ብትሉ ማን ይሰማችኋል? "ወንበሬን!" አለ ሰውዬው፣ የደስታን ማጅራት ጨምድዶ። ደስታ እየሳቀ በትከሻው ሊመልስለት ሲል ቡጢው አፍንጫው ላይ አረፈ። ደሙ ሲፈስ ግማሹ ተመልካች የጭፈራው ክፍል መስሎት እልል አለ፤ እግዜር ያሳያችሁ!

ከዚያ ምን እንደምላችሁ አላውቅም። አንዱ "ሌቦች ናቸው! ጭፈራው ማዘናጊያ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሁሉም ኪሱን ዳበሰ፤ በዚያ ትርምስ ደግሞ አንድ ነገር የጠፋበት አይታጣም። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተገልብጦ መጣብን። እኔ ለጭፈራው ክርኔን ዘርግቼ ደረቱ ጋ ያቆምኩበት ጎረምሳ እሱ ክርኑን አላቆመም፤ ከንፈሬን ለሁለት ሰነጠቀው። ጎማው ጅራፉን እያጮኸ ገባ፤ ሲጀምር ለመገላገል ይሁን ለመማታት እንጃ፣ ቀጥሎ ግን ያየውን ሁሉ ይገርፋል። የክበባችን ልጆች በልጣጩ ላይ እየተንሸራተቱ ሲወድቁ ሰው ይረግጣቸዋል። ጉልበቴን ተመትቼ ስነሳ ዱላ ትከሻዬ ላይ ወረደ፤ ቋ! ሲል የሰማሁት ራሴ ነኝ፣ ሕመሙ የመጣው ቆይቶ ነው። ደስታ መሬት ላይ ሆኖ ፊቱን በክንዱ ሸፍኗል። የመኪናው ረዳት የክሪክ ዘንግ ይዞ ወረደና ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። ደስታ አልጮኸም። ደገመው። ያኔ ጮኸ፤ ያን ድምፅ ከጆሮዬ የሚያወጣልኝ የለም።

በዚያ መሐል ጦይባ ትዝ አለችኝ። ጥላው ሥር የለችም። ማንጎው ተበትኗል፣ ፌስታል መሬት ላይ ተረግጧል፣ የእሷ ይሁን የሌላ አላውቅም። "ጦይባ! ያረቢ ጦይባ!" እያልኩ በአንድ እጄ ሰው ስገፋ፣ ስነክስም ነበር፣ እንደገና ያቺ ትንሽ ጥቅል ታየችኝ። ረገጧት አልኩ። እኔ ነኝ ያመጣኋት፣ ረገጧት።

ሾፌሩ መስታወቱ እንዳይሰበር ፈርቶ ሞተሩን አስነሳ። ረዳቱ ዘንጉን እንደያዘ ሮጦ ተንጠለጠለ፤ መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ሰዉን ሰንጥቆ ወጣ። መርሳ ግማሹ ባዶ የሆነ አይሱዙ ሲሸኝ ያን ቀን አየሁ። ከሾፌሩ ጀርባ ባለው መስኮት በኩል ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ቁጭ ያለችው ጦይባ ነበረች።

እኔንና ደስታን ከሰዓት በኋላ አንድ የሽንኩርት መኪና ወልዲያ ወሰደን። ጦይባ ከሦስት ቀን በኋላ በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ተገላገለች። አብዱ ተባለ። ትከሻዬ ታስሮ ልጠይቃት ስገባ "እንዴት ብለሽ ወጣሽ?" አልኳት።

"ሁሉም እናንተን ሊመታ ሲሮጥ በሩ ጭር አለ" አለችኝ። "ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ፣ አንድም ሰው አልነካኝ።" ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ "የደስታ እግር እንዴት ነው?" አለች። ሐኪሙ የነገረን ገና በዚያው ጠዋት ነበር፤ ጉልበቱ ከእንግዲህ አይታጠፍም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ እንደ እብድ አለቀስኩ። ለልጁ መደሰት አለብኝ፣ ለደስታ ማልቀስ አለብኝ፤ ሁለቱን ባንዴ ማድረግ የቻልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክበቡ ፈረሰ። ዛሬ ወጣቶች ይህን ስነግራቸው "ታዲያ ምን ለወጣችሁ?" ይሉኛል፤ ደሜ ይፈላል። ሰው አላፈረም፣ ሰልፍ አልያዘም፤ ይኸው ዛሬም ጆሮ ይተረተራል። አንዲት ሴት መኪና ላይ ወጣች፣ ያም የሆነው አንድ ጎበዝ ተወዛዋዥ መሬት ላይ ተዘርሮ ሲደበደብ ነው። ትርፍ ነው ኪሳራ ነው ብዬ ለመናገር አፌ አይከፈትም፤ የሚናገር ሰውም ባገኝ አልሰማውም።

ከወልዲያው ጠብ ማግስት ደስታን ልጠይቅ አሁን ወደሚኖርባት ወደ ግራና ከተማ ሄድኩ። ከዘራውን አጠገቡ አጋድሞ፣ ያን እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ ማንጎ እየመረጠ ነበር። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስቶብኝ አያውቅም። ገና ከበሩ ሲያየኝ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው።

"አብዱ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደችለት።"

ማንጎውን አስቀመጠ። አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ በጣቱ ያዝ አድርጎ "አልሐምዱሊላህ" አለ።