ደረጃው ላይ ካሜራዬን የተቀበለኝ ሰው

በዚያ የጥር እሁድ ደረጃው ላይ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። ሙሽራው ተመስገን። ሙሽራዋ ራሄል። ላቡን በክራቫቱ ሲጠርግ የዋለው አንደኛ ሚዜ ቢኒያም። የሙሽራዋ አክስት እትዬ አልማዝ፤ በሩን የዘጉት እሳቸው ናቸው። ከሙሽራዋ ወገን ቪዲዮ የምታነሳው ፌቨን። ከሙሽራው ወገን የማነሳው እኔ፣ አማኑኤል። ሌላም አንድ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ባለፈው ሳምንት ራሄል የሠርጓ ቪዲዮ ያለበት ፍላሽ ተበላሽቶባት እንደገና እንድገለብጥላት ጠየቀችኝ። ያልተቆረጠውን ቅጂ ፈልጌ ስከፍተው ያ ደረጃ መጣ።

ፌቨንና እኔ ያደግነው ገርጂ፣ አንድ ሰፈር ነው። ቪዲዮ ማንሳት ያስተማረን የለም። ዋይፋይ ያለበት ካፌ በር ላይ ቆመን፣ በስልክ የሰው ሥራ እያየን ነው የለመድነው። ያለን ካሜራ አንድ ነበር። ሠርግ የሚያነሳ ሰው ሙሽሮቹን እያየ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጀርባው ደግሞ ዓይን የለውም። ስለዚህ አንዳችን ስናነሳ ሌላችን ከኋላ ቀበቶ ይዘን እንመራለን። «ደረጃ ነው፣ ሁለት ቀረሽ፣ ወደ ግራ።» ከዚያ በላይ ብዙ አናወራም ነበር። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ እሷ ዝምታዬ የሚገባት ብቸኛ ሰው ነበረች።

ኋላ ቦሌ ያለ አንድ ስቱዲዮ ሰው ፈለገና እሷን መረጠ። ቅሪ እንድላት ጠበቀች። እኔ ደግሞ እምቢ እንድትላቸው ጠበቅሁ። ሁለታችንም ሳንናገር ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ተፎካካሪ ሆንን። እኔ የፈለግሁትን ሠርግ እሷ ትይዘዋለች፣ እሷ የፈለገችውን እኔ። አንዴ የለጠፍኩት ፎቶ ሥር «የሙሽራዋ ጆሮ በጣም ያምራል» ብላ ጻፈች። ፎከሱ ፊቷን ስቶ ጆሮዋ ላይ እንዳረፈ ከእሷ በቀር ያየ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ተናድጄ ከረምኩ፤ የሚያናድደው ደግሞ ልክ መሆኗ ነው።

በዚያ ጥር፣ ስቱዲዮው ሐዋሳ ቅርንጫፍ ሊከፍት መሆኑንና እሷን ሊልካት እንደሆነ ሰማሁ። የራሄል ሠርግ የአዲስ አበባ የመጨረሻ ሥራዋ ነበር። የሙሽራው ወገን ካሜራማን እንደሚፈልግ ሳውቅ የያዝኩትን ሌላ ሥራ ትቼ ሄድኩ። የምላትንም አዘጋጀሁ፤ «አትሂጂ፣ ተመልሰን አብረን እንሥራ።» በማለዳ ላምበረት አካባቢ ፉል በቃሪያ እየበላሁ ደጋገምኩት። ዛሬ ሳልነግራት አልመለስም ብዬ ቆረጥኩ።

የሙሽራዋ ቤት ለሚ ኩራ፣ ገና ሰው እየገባበት ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ነፋሱ የግንባታ አቧራ ያመጣል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በየደረጃው ማረፊያ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። እየጨፈርን ወጣን፤ እትዬ አልማዝና ሴቶቹ እንደ ወጉ በሩን ዘግተው አናስገባም አሉ። ካሜራማን ግን ከሙሽራው ቀድሞ መግባት አለበት። በበሩ ክፍተት ፌቨንን አየኋትና አስገቢኝ አልኳት።

«አማኑኤል፣ አንተም ሠርገኛ ነህ፤ ዝፈን» አለች። ድሮ አማን ነበር የምትለኝ።

«ፌቪ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«መጀመሪያ ለእትዬ አልማዝ ዝፈንላቸው።»

«ይኼ ልጅ ድምፅ አለው እንዴ?» አሉ እትዬ አልማዝ። ሴቶቹ ሳቁ። ዘፈንኩ። ቢኒያም በዚያ አዘፋፈኔ አሁንም ይቀልድብኛል።

ከገባን በኋላ ግን የወላጆችን ጉልበት በመሳሙ ሥነ ሥርዓትና በእልልታው መሃል ለእኔ ንግግር ቦታ ጠፋ። ሙሽሮቹ ሲወጡ ፌቨን ከፊታቸው ሆና፣ እያነሳች ወደ ኋላ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። እኔ ታች ማረፊያው ላይ ግድግዳ ተደግፌ ሙሽራውን አነሳለሁ። በካሜራዬ ውስጥ ተረከዟ ወደ ጀሪካኖቹ ሲቀርብ አየሁ። ቀበቶዋን የያዘ ሰው አልነበረም። ብጠራትም በዚያ ጩኸት አትሰማኝም። ካሜራዬን አጠገቤ ለተዘረጋ እጅ ሰጥቼ ሮጥኩና ቀበቶዋን ያዝኩ።

አልደነገጠችም። ካሜራዋንም አላወረደችም፤ ዞራም አላየችኝ።

«ስንት ቀረኝ?» አለች።

«ሁለት። ከዚያ ጀሪካን አለ፣ ወደ ቀኝ።»

እንደዚያ ሆነን እስከ ምድር ወረድን። የመኪኖቹ ጥሩምባ ሲጀምር ካሜራዋን አወረደች።

«ያንተስ ካሜራ?»

«ለሰው ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«አላየሁም።»

ካሜራዬን እናቴ እንኳ አቧራውን እንድትጠርግልኝ የማልሰጥ ሰው ነኝ፤ ይህን ከፌቨን በላይ የሚያውቅ የለም።

«አማን» አለች፣ «እንዳልሄድ ከፈለግህ በአፍህ ንገረኝ። በቀበቶ አይሆንም።»

«አትሂጂ» አልኳት። ካዘጋጀሁት የወጣው ያ ብቻ ነው።

አልሄደችም። ካሜራዬንም በኋላ የሙሽሮቹ መኪና ኮፈን ላይ በሥርዓት ተቀምጦ አገኘሁት።

ፌቨን አሁን ባለቤቴ ናት፤ ያልተቆረጠውን ቅጂ አብረን አየነው። ምስሉ መጀመሪያ ይናወጣል፤ ጫማ ይታያል፣ ቢጫ ጀሪካን ይታያል። ከዚያ ይረጋና ሙሽሮቹን ትቶ እኛን ይከተላል። ቀበቶዋ ላይ ያለው እጄ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ፎከሱ ካንተ ይሻላል» አለች ፌቨን።

ያነሳው ቢኒያም ነው ትላለች፤ ቢኒያም ግን ከሙሽራው ጎን ይታያል። እትዬ አልማዝም ገና ከላይ፣ በሩ ጋ ናቸው። በዚያ ደረጃ ላይ የነበራችሁ፣ ያጎደልኩት ካለ ሙሉልኝ። ካሜራዬን የተቀበሉኝ ሰው ደግሞ፣ ማንም ይሁኑ፣ ቤታችን መጥተው ይዩት። ሁለታችን አብረን ያለንበት የመጀመሪያው ቪዲዮ እርስዎ ያነሱት ነው።