በቲነር የቀለጠው ባቡር

በዚህ ነገር ውስጥ ያለን ሰዎች አራት ነን። አንደኛው አያ ዳኘው ናቸው፤ ከአዘዞ ወደ ጎንደር በሚያስገባው መንገድ ዳር የማኪና ቀለም ቤት የነበራቸው፣ ሙያውን ከጣሊያን መካኒኮች እጅ የለቀሙ ሰው። ሁለተኛው ሚስተር ማታይ ናቸው፤ ከህንድ አገር የመጡ የሂሳብ መምህር። ሦስተኛው አቶ ፈንታሁን፣ አንድ አውቶቡስ የነበራቸው ነጋዴ። አራተኛው እኔ ነኝ። ሁለቱ ሞተዋል፤ ሚስተር ማታይ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም። ስለዚህ የምናገረው መልስ የሚሰጠኝ በሌለበት ነው፤ አንባቢ ይህን ይወቅልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ፀዳ ከተማ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ የበኩር ልጄ ጋዜጣ አንጥፎ ተቀምጦ ነበር። አርባ ዓመት አልፎታል፤ በዚህ ዕድሜው መጫወቻ ባቡር መሰብሰብ ጀምሯል። የባቡሩን የላይ ቅርፊት ከሞተሩ ነቅሎ፣ አሮጌውን ቀለም ሊያነሳ በጣሳ አንድ ነገር ቀድቷል። የቀለም ማቅጠኛ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ጮህኩበት።

«አስቀምጠው! ቲነር ነው እኮ!»

«ምነው አባባ፣ ገና አልነከርኩትም። ይህ ምን ያስቆጣዎታል?»

ጣሳውን አንስቼ አፈር ላይ ደፋሁት። ምን እንደሚያስቆጣኝ አልነገርኩትም። እዚህ እጽፈዋለሁ፤ እሱም እንደማንኛውም ሰው ያንብበው።

ከመካነ ብርሃን ወደ ጎንደር የወረድኩት ዳዊት ደግሜ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም። አያ ዳኘው ለቤት አከራዬ ዋስ ሆኑልኝ፣ ሥራ ሰጡኝ፣ ከገበታቸው አበሉኝ። የጾም ቀን የገብስ ቂጣ በተልባ፣ የፍስክ ቀን የተገኘውን። ይህን ውለታ አልክድም። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ነው። በቆርቆሮው ጎን የተጻፈውን እየቆጠርኩ፣ ያልገባኝን ለመንገደኛ እያሳየሁ፣ በሦስት ዓመት አንድ ገጽ የማነብ ሰው ሆንኩ።

ሚስተር ማታይ ብስክሌታቸውን ሊያስቀቡ መጥተው፣ ቆርቆሮ ይዤ ሳነብ አገኙኝ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ቤታቸው እየጠሩ ሂሳብ አስተማሩኝ፤ ሩዛቸውን በበርበሬ አበሉኝ። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በግል መፈተን እንደምችል የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ለመመዝገብ ግን አንድ መምህር «ይህ ሰው ማንበብና መጻፍ ይችላል፣ መርምሬዋለሁ» ብሎ መፈረም ነበረበት። «ኅዳር ሲያልቅ እፈርማለሁ» አሉኝ። ያን ፊርማ ሌሊትና ቀን አስበው ነበር። ሌላ በር አልነበረኝም።

በቤታቸው ጠረጴዛ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ነበራቸው። አባታቸው የባቡር ነጂ ነበሩ፤ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ሚስተር ማታይ የመጫወቻውን ሁለት የባቡር ራሶች፣ አንዱ አረንጓዴ አንዱ ጥቁር፣ አባታቸው ይነዱት በነበረው ባቡር ቀለም፣ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ በጎኑ ቢጫ መስመር ያለው አድርገን እንድንቀባላቸው ፈለጉ። ለሙት ዓመቱ ጠረጴዛው ላይ ሊያቆሙት ነው። እኛ ተዝካር እንደምናወጣ፣ የእሳቸው ይህ ነበር። እኔም አያ ዳኘውም ባቡር በዓይናችን አይተን አናውቅም።

ሚስተር ማታይ አሠራሩን በእንግሊዝኛ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። አንብቤ ለአያ ዳኘው በአማርኛ ተናገርኩ። ቅርፊቱ ፕላስቲክ ነው፤ በቲነር አይነካ፤ በጠንካራ አልኮል ተዘፍዝፎ ይደር፤ በለስላሳ ነገር ይፈግፈግ። ጠንካራ አልኮል ማለት በእኛ አገር ዳግም አረቄ ነው።

አያ ዳኘው ሳቁ። «ለአረቄማ ሆድ አለን! ሃያ ዓመት ብረት ስቀባ የኖርኩት ሰውዬ፣ አሁን የህንድ ወረቀት ቀለም ሊያስተምረኝ?»

«ብረት አይደለም እኮ አያ ዳኘው።»

«ቀለም ቀለም ነው። ወረቀት አነበብኩ ብለህ አትኩራብኝ።»

ቢሆንም አረንጓዴውን ለእኔ ተዉልኝ። ከራሴ ኪስ ግማሽ ሊትር ዳግም አረቄ ገዝቼ፣ ግማሹን በሸክላ ድስት ቀድቼ ዘፈዘፍኩት። በማግስቱ ጫፉን ባኘኩት መፋቂያ ቀስ ብዬ ስፈገፍገው፣ አሮጌው ቀለም እንደተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሳ። ከሥሩ እንደ ጥርስ የነጣ ቅርፊት ወጣ፤ የመስኮቱ ጠርዝ፣ የምስማሩ ራስ ሁሉ እንዳለ ነበር። ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጌ ቀባሁት። አያ ዳኘው በጣታቸው ነክተው «ሸጋ ነው» አሉ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

የቀረውን አረቄ ለጥቁሩ አስቀምጬ ነበር። የዚያኑ ቀን አቶ ፈንታሁን አውቶቡሳቸውን ሊያስቀቡ መጡ፤ ዋጋ ተነጋገሩ፤ ሲስማሙ አያ ዳኘው ጠርሙሱን አውርደው ሁለቱ ጨለጡት። የባቡሩ ነው ብል አቶ ፈንታሁን «ባቡሩ ይጠጣል እንዴ?» አሉ፤ ተሳሳቁብኝ። ሌላ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ጥቁሩ ቅርፊት የቲነር ጣሳ ውስጥ ገብቷል።

እጄን ሰድጄ አወጣሁት። እሳት ዳር እንደተቀመጠ ሰም ሆኗል። መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ ጎኑ ላይ የአያ ዳኘው አውራ ጣት ጠልቆ ታትሞበታል።

«ምነው አያ ዳኘው? ነገርኩዎት እኮ!»

«አውቶቡሱ ቆሞ አንተን ልጠብቅ? ለቁስቋም ማግስት መድረስ አለበት። ዕቃው የማይረባ ነው እንጂ፣ ብረት ቢሆን ይቀልጥ ነበር?»

ሚስተር ማታይ በማግስቱ መጡ። ጥቁሩን በመዳፋቸው ይዘው አገላበጡት። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው «ወረቀት ጻፍኩ። ለምን?» አሉ።

አያ ዳኘው ከእኔ ቀደሙ። «ይህ ልጅ ነው ጌታዬ። ጥቁሩን በቲነር ይላል ብሎ አነበበልኝ። እኔ ፈረንጅኛ ከየት አውቄ!»

ሚስተር ማታይ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እንደዚህ አነበብክ?»

እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይህች ደቂቃ ናት። አያ ዳኘው አብልቻለሁ፣ ዋስ ሆኛለሁ በሚል ዓይን አዩኝ። እንጀራውን የበላኸውን ሰው በባዕድ ፊት አታዋርድ ተብዬ ያደግኩ ነኝ። መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ። ዝምታ እሺታ ነው። ሚስተር ማታይ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ማንበብ ይችላል ብዬ አልፈርምም። ውሸት ይሆናል» ብለው ሁለቱን ቅርፊቶች በመሐረባቸው ጠቅልለው ሄዱ። የታተመውን ጣት አይተዋል፤ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። እኔም እጄን ዘርግቼ አላሳየሁም።

ኅዳር ስድስት የቁስቋም ዕለት ከተማው ሁሉ ወደ ላይ ወደ ደብሩ ወጣ። እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የከበሮው ድምፅ እስከ እኛ ይደርሳል። አውቶቡሱ አቶ ፈንታሁን በማግስቱ ሊረከቡት በአዲስ ሰማያዊ ቀለሙ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ቲነሩን በባልዲ ሞልቼ ከጣሪያው ጀምሬ በሁለቱም ጎን ደፋሁበት። ቀለሙ እየተኮማተረ ሲወርድ ቆሜ አየሁ፤ ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ባልዲው እስኪያልቅ ብቻ ነው።

አያ ዳኘው ሲመለሱ «ማን ነው?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኩ። በዚያ ሳምንት የተናገርኳት እውነት እሷ ብቻ ነበረች፤ ለማንም የማትጠቅም እውነት። ያን አፍ ለሚስተር ማታይ ብከፍተው ኖሮ!

ሽማግሌ ተቀመጠ። የባቡሩን ነገር ለመናገር ብሞክር «ስለ አውቶቡሱ ነው የተጠየቅከው» ተባልኩ። ወደ ሚስተር ማታይ ሄጄ እውነቱን ለመናገር ሦስት ጊዜ እስከ በራቸው ደርሼ ተመለስኩ። አውቶቡስ ያበላሸ ሰው ምን ቢል ያምኑታል? ክረምቱ ሳይገባ ውላቸው አልቆ አገራቸው ገቡ።

ልጆቼን ስታጠፉ አምኑ እያልኩ አሳድጌያቸዋለሁ፤ ያላጠፉትን አጥፍተናል ብለው እንዳይሸከሙ ግን አላስተማርኳቸውም። ያላጠፉትን መሸከም ጥፋትን ከመደበቅ የማያንስ ኃጢአት መሆኑን የማውቅ እኔ፣ ለውለታ ሲባል ዝም ማለትን ጨዋነት እያልኩ ዝም የሚሉትን አሞግሼ ኖርኩ። በዚህ በአያ ዳኘው አልፈርድም፤ በራሴ ነው የምፈርደው። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ቁጣዬ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልጸልይም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አቶ ፈንታሁን አውቶቡሱ ዳግም እስኪቀባ የጥምቀትን ገበያ አጡ። አያ ዳኘው ደንበኞቻቸው ሸሽተው ለፋሲካ ቤቱን ዘጉ። ሚስተር ማታይ የአባታቸውን ሙት ዓመት በአንድ ባቡር አሰቡ። እኔ መቶ ስልሳ ብር ተፈርዶብኝ አሥራ አራት ወር ጉልበቴን ሸጬ ከፈልኩ፤ ፈተናውን እስከ ዛሬ አልተቀመጥኩም።