በጣቴ የገፋኋት የበቆሎ ፍሬ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሌንሴ ኮምፒውተሯን ይዛ አምቦ ወዳለው ቤቴ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋም ጥናት እየሠራች ነው። ስለ ጥናቱ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች፤ በጆሮዬ ብሰማም አልገባኝም ነበር። የዚያን ቀን ግን ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። አንድ መሥሪያ ቤት ሊያወጣ ያዘጋጀው ደንብ ነው። እያንዳንዱ አንቀጽ ክብ ሆኗል፤ ከክብ ወደ ክብ ቀስት ተስቧል፤ በቀስቶቹ ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ይሄዳሉ።

«ነጥቧ ባለጉዳይ ናት፣ አዳዳ» አለችኝ፤ የአባቷ እህት ስለሆንሁ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ደንቡ በፈቀደላት መንገድ ብቻ ነው የምትሄደው። መውጫ ካጣች ክቡ ይቀላል።»

አንደኛው ክብ ቀልቶ ነበር።

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። እኛ በበቆሎ ነበር የምንሠራው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስሁ በጸሐፊነት የተቀጠርሁት ወደ ባኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም። ሰው «ጓድ» የሚባባልበት ዘመን ነበር። አገሩ ሞቃት ነው፤ ነሐሴ ላይ መንገድ ዳር እሸት በቆሎ ሲጠበስ ሽታው በመስኮት ገብቶ ከወረቀቱና ከካርቦኑ ሽታ ጋር ይቀላቀላል። ዛሬ ጥብስ በቆሎ ሲያቀርቡልኝ ጥርሴን አመካኝቼ እተወዋለሁ።

መዝገብ ቤቱን የያዙት ኦቦ ደበላ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አዲስ መመሪያ ሊወጣ ሲል ሰፊ ወረቀት ዘርግተው ለየአንቀጹ በእርሳስ ክብ ይሥላሉ፤ ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የበቆሎ ፍሬ ያወጣሉ። አንዷ ፍሬ ገበሬ ናት፤ አንዷ ነጋዴ፤ አንዷ የሞተ ሰው ሚስት። እያንዳንዷን ከመግቢያው አስነሥተው መመሪያው እንዳዘዘው ያስኬዷታል። ሁሉም ከወጡ ይፈርማሉ።

«ብርቄ፣ ወረቀቱ ያላዘዘውን ጣትሽ እንዳያዝ» ይሉኝ ነበር። «ፍሬዋ ስትቆም አንቺም ቁሚ።»

አንድ ቀን ኦቦ ደበላ ለቅሶ ሄደው ሳለ ስለ ከተማው የመንግሥት ቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ወደ አምቦ ይዞት ይሄዳል። ለቋሚነት የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ወረቀት ዘረጋሁና ፍሬዎቼን አስኬድሁ። የሟች ሚስት ላይ ስደርስ ቆመችብኝ። ቤቱን ወደ ስሟ ለማዛወር የነዋሪነት መታወቂያ ታምጣ ይላል፤ መታወቂያ የሚሰጠው ደግሞ ቤት በስሙ ላለ ሰው ነው። በሦስት ወር ውስጥ ያላዛወረ ቤቱን ያስረክባል። ፍሬዋን ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው፣ ከሌላው መልሼ ወደ አንዱ ወሰድኋት። መውጫ የላትም።

ወደ ኃላፊያችን ገባሁ። «ጓድ፣ የሟች ሚስት መውጫ የላትም» አልኋቸው።

«ማን ሞተ ደግሞ?»

«በመመሪያው ላይ ነው። በበቆሎው ስናስኬደው ...»

«ሽማግሌው በቆሎ መቁጠር አስተማረሽ?» አሉ። አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። «መኪናው ቆሟል፤ ፈርመሽ አምጪው። አንዲት ሴት ብትቸገር በደብዳቤ ይታይላታል።»

ጠረጴዛዬ ላይ ተመለስሁ። ፍሬዋ እዚያው ናት። እውነት ነው፣ በደብዳቤ ይታይላታል ብዬ በጠቋሚ ጣቴ ከክቡ ገፋኋትና አወጣኋት። «ታይቷል፤ እንከን የለበትም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

ጥቅምት ላይ አዴ ጫልቱ የምትባል የአስተማሪ ሚስት ወደ መስኮቴ መጣች። ባሏ መስከረም ላይ ሞቷል። እስከዚያ ድረስ በባሏ መታወቂያ ላይ ተጽፋ ነው የኖረችው።

«መታወቂያ አምጪ» አልኋት።

«ቀበሌ ሄጄ ነበር። ቤቱን በስምሽ አድርጊ አሉኝ።»

«ያለ መታወቂያ አይሆንም።»

«በየትኛው ልጀምር ታዲያ፣ ልጄ?» አለች።

«ነገ ተመለሺ» አልኋት። በማግስቱ ተመለሰች። ከዚያም ብዙ ቀን ተመለሰች። እኔም ብዙ ቀን ያንኑ አልኋት።

ኦቦ ደበላ ነገሩን ሲሰሙ ይዘዋት ወደ ኃላፊው ገቡ። መመሪያው ከጸደቀ ወዲህ በደብዳቤ ማለፍ አይቻልም ተባለ። ታኅሣሥ ላይ ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አዴ ጫልቱ አልጋዋንና ሁለት ሴት ልጆቿን በእህል መኪና ጭና ወደ ወንድሟ አገር ወደ ካቺሲ ሄደች። ቀይ ጀሪካን በገመድ ታስሮ ከመኪናው ጎን ይወዛወዝ ነበር። ለምን እሱን እንደማስታውስ አላውቅም።

ኦቦ ደበላ ፋይሉን አውጥተው ፊርማዬን አዩ። «ጣትሽን አስገባሽ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለእኔ በቆሎ አውጥተው አያውቁም። መመሪያው በዓመቱ በአንድ መስመር ተስተካከለ። የኔ ቋሚነት ግን በጊዜው ጸድቋል።

ሌንሴ አሁንም ቀዩን ክብ እያየች ነበር።

«ደንቡን ያዘጋጁት ሰዎች ይህቺን ተያት ይሉኛል፣ በሥራ ላይ ይፈታል ብለው። ሳቁብኝም። ሰኞ ነው የማስረክበው።»

«ማሽኑ ራሱ ገፍቶ ሊያወጣት ይችላል?»

«አይችልም። እኔ ግን ከሪፖርቱ ላወጣት እችላለሁ።»

«አታውጫት» አልኋት። «ከላይ ጻፊያት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞ ያውቃል፣ አዳዳ?»

«አንዴ» አልኋት።

ቀጥዬ እንድነግራት ጠበቀች፤ አልነገርኋትም። መጻፍ ጀመረች። እሷ እስክትጨርስ ሁለት እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥሁ።