ከውስጥ የማይከፈት በር

ባዳሮ፣ ጠዋት

ይህን ጉዞ የጀመርኩት መድኃኒት ለማድረስ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ 2019 መገባደጃ፣ ሰው ሁሉ ለተቃውሞ አደባባይ ወጥቶ የቤይሩት መንገዶች በጎማ እሳት የተዘጉበት ሰሞን ነበር። እኔ ማዳም ከምንላት አሠሪዬ ቤት ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ኢቃማ የምንለው የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም፤ ባዳሮ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ክፍል ተከራይቼ በሰዓት እሠራለሁ።

ከማጸዳቸው ቦታዎች አንዱ የወጣቶች ቢሮ ነው። ሥራቸውን "የነገሮች ኢንተርኔት" ይሉታል። ጣራ ላይ ያለው ታንከር ምን ያህል ውሃ እንደቀረው ለስልክ የሚናገር ዕቃ ሠርተዋል፤ ጄኔሬተር ሲነሳ የውሃ ማሞቂያውን ራሱ የሚያጠፋም አላቸው። ከሁሉ የሚሸጥላቸው ግን በስልክ የሚከፈትና የሚዘጋ የበር ቁልፍ ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳየው ወድጄው ነበር።

ወለሉን እየወለወልኩ ሳለሁ ሰናይት ደወለች። የቤተ ክርስቲያን እህቴ ናት፤ ዶራ በምንከራየው አዳራሽ አብረን እንዘምር ነበር። የምትሠራው ከዶራ ወዲያ፣ ጃል ኤል ዲብ፣ ሰው ቤት ነው። ማዳሟ ያንን ቁልፍ ካስገጠመች ወዲህ እሁድ መምጣት ቀርቶባታል።

"ወይኒ፣ ፓፌ አለቀ" አለችኝ። ፓፍ የምንለው ወደ አፍ የሚነፋውን የአስም መድኃኒት ነው። "የጎማው ጭስ በመስኮት እየገባ ነው። በሩ ተቆልፏል። ማዳም ተራራ ላይ ወዳለው ቤቷ ወጥታለች፣ ስልኳንም አታነሳም።"

"አምቡላንስ ጥሪያ።"

"በሩን ቢሰብሩት ሌባ ናት ብላ ታሳስረኛለች። አንቺ ነይልኝ።"

ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ታርፋለች። ሲር ሲር የሚለው ትንፋሿ በስልክ ይሰማኛል። መወልወያውን ጥዬ ወደ ካሪም ሄድኩ። ካሪም ቁልፉን የሚገጥመው ልጅ ነው፤ ከቢሮው ሰው ሁሉ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ እሱ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩን አየና "ቤቱ መብራት የለም፤ ኢንተርኔቱ ሞቷል። ከዚህ ምንም ማድረግ አልችልም" አለኝ።

"ከውስጥስ? በእጅ የሚዞረው የታለ?"

ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ "ማዳሟ እንዲነሳ ጠየቀች። ያኒ፣ ማለቴ፣ ደንበኛ ናት" አለ።

ደሜ ፈላ። ግን የምጨቃጨቅበት ጊዜ አልነበረም። ከታች ካለው ፋርማሲ ፓፉን ገዛሁና ወጣሁ።

ወደ ዛልቃ

ሰርቪስ፣ ማለትም ሰው እየጫነ የሚሄደው ታክሲ፣ እስከ ዶራ በሁለት ሺህ ሊራ ይወስድ ነበር። የዚያን ቀን ሾፌሩ አሥር ሺህ አለኝ፤ ሳልከራከር ገባሁ። በውስጥ ለውስጥ እየተጠማዘዘ ዶራ ሳንደርስ ቆመ። "ኸላስ፣ በቃ፣ ከዚህ ወዲያ በእግርሽ ነው" አለ።

አውራ ጎዳናው ላይ መኪና የለም። ሁልጊዜ በሩጫ የምንሻገረው መንገድ መሃል ወንበር አውጥተው ሺሻ የሚያጨሱ ሰዎች አሉ። ከፊት ጥቁር ጭስ ይታያል። በቀኝ በኩል የተዘጉ ሱቆች፣ በግራ የባሕሩ ሽታ። በነጠላ ጫማ ስለሆንኩ እግሬ ይንሸራተታል። ሰናይት መልእክት መመለስ አቁማለች። ጌታ ሆይ አድርሰኝ እያልኩ ነበር የምሄደው።

ጃል ኤል ዲብ ሳልደርስ፣ ዛልቃ አጠገብ ወታደሮች ቆመዋል። መመለስ የባሰ ያስጠረጥራል፤ ወደ እነሱ ቀጠልኩ።

"ኢቃማ" አለኝ አንዱ።

እዚህ አገር ለእኛ ቢጤ አንድ ዘዴ አለ። ዕቃ ይዛ የምትጣደፍ ሠራተኛን ብዙ ጊዜ የሚጠይቃት የለም፤ የሆነች ማዳም ልካታለች ማለት ነው። የፋርማሲውን ከረጢት ከፍ አድርጌ "ማዳም ታማለች። ኢቃማው ቤት ነው፣ እሷ ጋ" አልኩት። ጌታ ይቅር ይበለኝ። ከረጢቱን አየ፣ እኔን አየ፣ "ያላ፣ ሂጂ" አለ። አልሮጥኩም። ከዓይኑ እስክሰወር ድረስ ብቻ ቀስ ብዬ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ጃል ኤል ዲብ

ሕንጻው ከዳቦ ቤት በላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ በሩን አንኳኳሁ። ቁልፉ ላይ ትንሽ የካሜራ ዓይን አለ፤ መብራት ስለሌለ ጠፍቷል። ከውስጥ ጣት በሩን ሲቧጥጥ ሰማሁ። ሰናይት ናት። መናገር አልቻለችም። በበሩ ሥር ፓፉን ላሳልፍ ሞከርኩ፤ አልገባም። እንባዬ መጣ፣ ከንዴት ነው።

ያኔ ቅርጫቱ ትዝ አለኝ። ቤይሩት አትክልት ሻጭ ከታች ሲጣራ ቅርጫት በገመድ ከበረንዳ ይወርዳል፤ ዳቦም እንደዚያው። የማውረዱ ሥራ የእኛ ነው። "ሰናይት፣ ቅርጫቱን አውርጂ" ብዬ ጮኼ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

ቆየች። ከቆይታዋ ብዛት ወድቃለች ብዬ ነበር። በመጨረሻ በረንዳው ላይ እጇ ታየ፣ ቅርጫቱም እየተንገዋለለ መጣ። ፓፉን ጨመርኩ። ገመዱን ስትስብ መሃል ላይ አቆመች፣ ደግሞ ሳበች። ዳቦ ጋጋሪው ወጥቶ አብሮኝ ወደ ላይ ያያል። ፓፉን አፏ ላይ አድርጋ ሁለቴ ስትስብ አየኋት፤ ከዚያ ግንቡን ተደግፋ ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይታ እጇን አውለበለበችልኝ። ጌታ ይመስገን አልኩ።

በሩን ግን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። ተመልሼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሳለሁ መብራት መጣ። ለካሪም "መብራት መጥቷል" ብዬ በስልክ የድምፅ መልእክት ላክሁለት። የካሜራው ዓይን ቀላ፣ ከቁልፉ ውስጥም የሴት ድምፅ ወጣ።

"ማነሽ አንቺ? በሬ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?"

ማዳሟ ናት። ተራራ ላይ ሆና ታየኛለች።

"ማዳም፣ ሰናይት መተንፈስ አቅቷታል። እባክሽ ክፈቺላት፣ ሐኪም ይያት፤ መልሼ አመጣታለሁ።"

"ትተኛ። ነገ እመጣለሁ። አሁን ካልሄድሽ ፖሊስ እጠራለሁ።"

"እሺ፣ ጥሪ" አልኳት። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፤ ፖሊስ ቢመጣ የሚወስደው እኔን ነው።

ሴትየዋ ገና እየተቆጣች ቁልፉ ቋ ብሎ ተከፈተ። ወዲያው የካሪም ጽሑፍ ደረሰኝ፦ "እኔ ነኝ የከፈትኩት። ፍጠኚ፣ እሷ መልሳ ልትዘጋው ትችላለች።" እግሬን በሩ መሃል ከተትኩ።

ሰናይት ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ከንፈሯ ገርጥቷል።

"ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"ከወጣሁ እንዳንቺ ነው የምሆነው።"

"አዎ፣ እንደኔ" አልኳት። ልዋሻት አልፈለግሁም። "እህቴ፣ እኔ ግን እተነፍሳለሁ።"

ማዳሟ ከቁልፉ ውስጥ ስሟን እየጠራች ናት። ሰናይት ሽርጧን ፈታ ወለሉ ላይ ጣለችና በነጠላ ጫማዋ ወጣች።

መልስ

ወታደሮቹን ለመሸሽ በባሕሩ በኩል ባለው መንገድ ቀስ እያልን ተመለስን። አንድ ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ነርስ ወረቀት ሳትጠይቅ ኦክስጅን አደረገችላት። መንገዱን ሙሉ ስለ ካሪም አስብ ነበር፤ ከሥራ እንደሚባረር አውቆ ነው የከፈተው፣ በሳምንቱም ተባረረ።

ብልህ ዕቃ አልጠላም። ታንከሩ ውሃ ጨረስኩ ማለቱ ለእኔም ይበጀኛል። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ግን አዲስ ነገር ባሳዩኝ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነው፦ ውስጥ ያለው ሰው እንዴት ይወጣል? ቢሮው ውስጥ ይህን ስጠይቅ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ከመጨለሙ በፊት ክፍላችን ደረስን። አብረውኝ የሚኖሩት ሁለቱ የአገሬ ልጆች ምስር እየሠሩ ነበር። ሰናይትን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥናት። ትንሽ ቆይታ ተነሳችና የክፍላችንን በር ከፈተችው፤ ደጁን አየች፣ ዘጋችው። ደግማ ከፈተችው። ብርዱ ይገባል፣ ማንም ግን ዝጊው አላላትም።